ለጋሼ ያወጣሁት የሃይደራባድ ፕሮግራም

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6። የምሳ ብሬክ፣ መኪና ውስጥ።

ጎልኮንዳ ምሽግን ወደ ቅዳሜ አዛወርኩት። ዓርብ አይሆንም። ሃይደራባድ ውስጥ ዓርብ የሚዘጋው ብዙ ነው፤ ሙዚየሙም፣ ቤተ መንግሥቱም፣ የነገሥታቱ መቃብርም። ላክሽሚ ባትነግረኝ በር ላይ ቆመን እንቀር ነበር። ሶ፣ ዓርብ፦ ጁምዓ፣ ቻርሚናር አጠገብ ባለው ትልቁ መስጊድ። ከዚያ ሆቴል። ጋሼ ማረፍ አለበት።

ደብተሬ፣ ስንት ወር ዘጋሁህ? አትቀየመኝ። አሁን የምጽፈው አለኝ። ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ ሁሴን፣ በዚህ ወር መጨረሻ ከደሴ ወደ ሕንድ፣ ሃይደራባድ ይሄዳል። ለልብ ቫልቭ ኦፕራሲዮን። በልጅነቱ ያልታከመው ቶንሲል ነው ልቡ ላይ የወረደው። እኔ ከዳላስ ሄጄ እዚያ እቀበለዋለሁ፣ አስታምመዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት አልተያየንም። ኦክቶበር 28 ይደርሳል፤ ሁለት ቀን ምርመራ፤ ኦፕራሲዮኑ ኖቬምበር 6። መሀል ላይ ከዓርብ እስከ ሰኞ አራት ባዶ ቀን አለ። ሐኪሙ ፈቅዷል፤ መኪና ውስጥ መቀመጥ ይችላል፣ ደረጃ አይወጣም። እኔ የምሞላው እነዚያን አራት ቀናት ነው።

ላክሽሚ (ከእንግዲህ ላ.) የምንሠራበት የአረጋውያን ነርሲንግ ሆም ውስጥ የኛ ፎቅ ነርስ ናት፤ እኔ ረዳት። የሃይደራባድ ልጅ። በየቀኑ ከዳላስ ወጣ ካለችው ማኪኒ ትነዳለች። ያደገችበት ሰፈር ስሙ ሐብሺጉዳ ነው። ለምን እንደዚያ እንደተባለ ጠይቃ አታውቅም። ይሄን ለጋሼ ስነግረው በስልኩ ውስጥ ጮኸ። ደሴ ላይ ሠላሳ ዓመት ታሪክ ያስተማረ ሰው ነው። በድሮ ዘመን ባሕር ተሻግረው የተሸጡ ሐበሾች እዚያ አገር ወታደር፣ ከዚያ ጦር አዛዥ፣ ከዚያ ሹም እንደሆኑ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ነገረኝ። ካርዴ አለቀ እስኪል።

ብሬክ አለቀ።


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9። ጠዋት፣ ከሥራ በፊት።

ደረጃ እየቆጠርኩ ነው። ጎልኮንዳ ምሽግ፦ ከሦስት መቶ በላይ። የማይታሰብ። ግን ታች በሩ ሥር ቢያጨበጭቡ ላይ ጫፍ ድረስ ይሰማል አሉ። ሶ፣ እሱ ታች ወንበር ላይ ያጨበጭባል፣ እኔ ላይ ወጥቼ እሰማለሁ። ቻርሚናር፣ ባለ አራት ማማው፦ ደረጃው ጠመዝማዛ፣ ከውጭ ማየት ብቻ። የነገሥታቱ መቃብር፦ ሜዳ ላይ ነው፣ አትክልት አለው፣ ዊልቸር ይገባል። ዋራንጋል፣ ሺህ ዓምድ ያለው ቤተ መቅደስ፦ ደርሶ መልስ ቀኑን ይጨርሳል። ሰረዝኩ።

ቢዳር። እዚህ ላይ ጋሼ አይደራደርም። 140 ኪ.ሜ.፣ ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ። ሐብሺ ኮት የሚባል ቦታ አለ፤ የሐበሻ ሹማምንት የተቀበሩበት። ሌላውን ሁሉ ብትሰርዢ አልቀየምሽም፣ ቢዳርን ተዪልኝ አለ። ሰኞ፦ ቢዳር። ሁለት ጊዜ አሠመርኩበት።

ስልኩን ሊዘጋ ሲል ጠየቀኝ። የአሜሪካው ፕሮሰስስ ነገር? እንደ ሁልጊዜው። ወረፋው ረጅም ነው አልኩት። እንደ ሁልጊዜው። አብሽሪ አለኝ። እኔን!

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ለራሴ ቁርስ አቅርቤ ሁለት ጊዜ ሳልቀምሰው መልሼዋለሁ።


እሑድ፣ ኦክቶበር 12።

እሺ። አንተን ማንም አያነብህም። ልጻፈው።

ፕሮሰስ የሚባል ነገር የለም። ኖሮም አያውቅም።

አሥራ አራት ዓመት ሆነው። ዳላስ አጠገብ፣ ሜስኪት ነበር የምንኖረው። ሲትዝን በሆንኩ በሁለተኛው ወር ጋሼን ለማምጣት የወንድም ማመልከቻውን ቅጽ ሞላሁ። ጋሼ የሁለታችንንም የልደት ማስረጃ አውጥቶ፣ አስተርጉሞ፣ ማኅተም አስመትቶ ላከልኝ። ለማኅተሙ ብቻ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። የቀረኝ ፊርማና ፖስታ ቤት ነበር። የዒድ ቀን ደወለ። ያኔ እናታችን በሕይወት አለች፤ ቤቱ ሙሉ ስልኩን ከቧል። ላክሽው ወይ አለኝ። ላክሁት አልኩ። ሰኞ እልካለሁ ብዬ ነው። ወላሂ፣ ሰኞ ልልከው ነበር። እናቴ ስትመርቀኝ፣ ቤቱ ሁሉ አሚን ሲል ሰማሁ።

ሰኞ ልጄ ነጃት አተኮሳት። በሳምንቱ ደብል ሺፍት። ከዚያ ከአባቷ ጋር መፋታት መጣ፤ ቤት መቀየር፤ እሱ ሂውስተን፣ እኛ ሌክ ሃይላንድስ። ስድስት ወር ሲያልፍ ፈራሁ፤ አሁን ብልከው ደረሰኙ ላይ ያለው ቀን ያጋልጠኛል። ዓመት ሲሞላ ጭራሽ። በቃ ይሄው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ጠልቼው አይደለም። መጥቶ እቤቴ እንዳይቀመጥ ብዬም አይደለም። ከነዚህ አንዱ ቢሆን ቢያንስ ስም እሰጠው ነበር።

የኔን ዲቪ የሞላው ማን ነው? እሱ። ሳልጠይቀው። ኢንተርኔት ካፌ ተሰልፎ የራሱንም የኔንም ሞላ። የኔ ወጣ። ሲሸኘኝ አንድም ቀን የኔ ምነው ቀረ አላለም። እናታችን የሞተች ጊዜ ደሴ ስሄድ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ሲበተን፣ ጎኔ ተቀምጦ ወረፋው እንዴት ነው አለኝ። ዓይኑን እያየሁ ዋሸሁት።

ያ ፖስታ አሁንም አለ። ክሎዜት ውስጥ፣ የክረምት ልብስ ሥር።


ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14።

ነጃት አወቀች።

ፕሮግራሙን በላፕቶፕ ታሰናዳልኝ ነበር። ኮሌጅ ገብታ ሠንጠረዥ መሥራት ትወዳለች፤ ለየቀኑ ቀለም ሰጠችው። ቢዳርን አረንጓዴ አድርጋ እየቀባች፦

«ማሚ፣ የአጎቴን ፕሮሰስ እኮ ኦንላይን ቼክ ማድረግ ይቻላል። ሪሲት ነምበሩን ስጪኝ።»

«ጠፍቶብኛል።»

«ኢሜይልሽ ውስጥ ሰርች ላድርግ?»

«በወረቀት ነበር።»

«ኦኬ፣ ሎየሩ ጋ ይኖራል።»

«ሎየር አልያዝኩም።»

እጇ ቆመ። ዞራ አየችኝ።

«ማሚ። ልከሽዋል ግን?»

ቢላክ ኖሮም እስካሁን ተራው ላይደርስ ይችል ነበር አልኳት፤ የወንድም ወረፋ እንደዚያ ነው፣ ሁሉም ያውቃል። እውነትም ነው። ለራሴ ስንት ዓመት የምነግረው።

«ሜይቢ። ግን አጎቴ ሰልፍ ላይ ነኝ ብሎ ነው የሚያስበው። ሰልፍ ላይ አይደለም እኮ።»

ላፕቶፑን ዘጋች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። የጋሼ ልጅ ራህማ እኩያዋ ናት፤ በዋትስአፕ ይጻጻፋሉ። ለካ ነጃት የዳላስ ኮሌጆችን እያማረጠችላት ኖሯል፤ ስትመጣ አብረን እንማራለን ተባብለው። ዛሬ ሰማሁ።


ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18። ጠዋት።

ጋሼ ደወለ። ስለ ቢዳር ያነበበውን ሁሉ በደብተር እየገለበጠ ነው። ሹፌሩ እንግሊዝኛ ይችላል ወይ፣ መቃብሮቹ ላይ ጽሑፍ አለ ወይ፣ ፎቶ ይፈቀዳል ወይ። ላ.ን ጠይቄ እነግርሃለሁ አልኩ።

ከዚያ እየሳቀ አንድ ነገር አወራኝ። የዛሬ ስምንት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዕድል ሰጥቶት ነበር። ሊያጠና የፈለገውም ይሄንኑ ነው፣ ወደ ሕንድ የተሻገሩትን ሐበሾች። ግን ከትምህርቱ በኋላ አራት ዓመት ለማገልገል ውል ማሰር ነበረበት። አልፈረመም። ፕሮሰሱ መሀል ላይ ቢመጣ በውል ታስሬ ልጆቹን አስቀራለሁ ብሎ። ለሌላ መምህር ተሰጠ። ያ መምህር አሁን ዶ/ር ነው፤ ሲገናኙ ጋሼ ተነስቶ ወንበር ይለቅለታል። ይሄን እየሳቀ ነው የሚነግረኝ።

ሳቅኩ። አብሬው ሳቅኩ፣ ደብተሬ።

ስልኩን ከዘጋን ሦስት ሰዓት አለፈ፣ ፕሮግራሙ ላይ የመጸዳጃ ቤት ማቆሚያ እየፈለግሁ ነው። በየአርባ ደቂቃው። የልብ መድኃኒቱ ሽንት ያበዛል።


ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21። ምሳ።

ላ. የበዓላቸውን ጣፋጭ ይዛ መጣች። ብሬክ ሩም ውስጥ እየበላን ነገርኳት። ሁሉንም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት የኛ ሰው ስላልሆነች።

አልፈረደችብኝም። እንደ ነርስ ነው ያወራችኝ። ከኦፕራሲዮን በፊት በሽተኛ አይደነገጥም፤ ልቡ ይዳን፣ ቁስሉ ይድረቅ፣ ከዚያ ትነግሪዋለሽ። ነጃት ተቃራኒውን ትላለች። ከቢላዋ በፊት የማወቅ መብት አለው።

ከላ. ጋር ተስማማሁ። መስማማቱ ስለሚመቸኝ እንደሆነ ይገባኛል። ፕሮግራሙ ላይ ጻፍኩት፦ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ፣ ሁለተኛው ሳምንት፣ ሆቴል፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ መንገር። ነጃት ብታየው ምን ቀለም ትቀባው ይሆን።


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 23። ጠዋት።

አልቋል። ነገርኩት።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደወለ። ደሴ ሊመሽ ነው። ከኋላው የባጃጅ ድምፅ ይሰማል፤ ሰው እንዳይሰማው ደጅ ወጥቶ ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አትደንግጪ።»

«ምን ሆንክ ጋሼ?»

«ምንም። ኑዛዜ እየጻፍኩ ነው። እዚያ ብሞት ፕሮሰሱ ለልጆቹ ይቀጥላል ወይስ ከኔ ጋር ይቀበራል?»

«አትሞትም።»

«እሱን አላህ ያውቃል። ለራህማ የምተወው ሌላ ምን አለኝ? ቁጥሩን ስጪኝና በስሟ ልጻፈው። አክስትሽ ትከታተልልሻለች ብዬ።»

ማክሰኞ ያቀድኩት፣ የላ. ምክር፣ ቁስል መድረቅ፣ ሁሉም ጠፋ። ኑዛዜ ላይ የሌለ ነገር ሲጽፍ ዝም ብዬ ላየው ነው?

«ጋሼ፣ አልላክሁትም።»

«ምኑን?»

«ቅጹን። ያኔም አልላክሁትም። ከዚያም ወዲህ። ምንም የለም።»

ባጃጁ አለፈ። ሌላ መጣ።

«የልደት ማስረጃው ግን ደርሶሽ ነበር።»

«ደርሶኛል።»

«እሺ።»

«ጋሼ፣ አፉ በለኝ። ሰኞ እልካለሁ ብዬ...»

«እሺ። ደህና ዋይ።»

ወለሉ ላይ ተቀምጫለሁ። ሥራ አልገባሁም።


ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 25።

ጽሑፍ ላከ። አትምጪ። ራህማ አብራኝ ትሄዳለች፣ ቪዛዋን ጀምረናል። ይኸው ነው።

ራህማ ፓስፖርት አላት። ለፕሮሰሱ ይደርሳል ብሎ ያወጣላት ነው።

መሄድ እችላለሁ። ትኬቱ በእጄ ነው። ግን ልቡ ሊከፈት አልጋ ላይ የተኛ ሰው ሂጂልኝ ለማለት አቅም የለውም፤ ያንን ተገን አድርጌ ገብቼ ልቀመጥ? ትኬቱን ወደ ሌላ ቀን አስተላለፍኩ። ፈቃዴ ስለቀረ ሱፐርቫይዘሬ ደስ አላት፣ ሰው አጥሯት ነበር።


ሰኞ፣ ኦክቶበር 27። ከሰዓት።

ፕሮግራሙን ለራህማ አስተካከልኩት። እሷ አገር አታውቅም፤ ሃያ ዓመቷ ነው። የላ. የአክስት ልጅ ኤርፖርት ይጠብቃቸዋል። የሹፌሩ ስም፣ የፋርማሲው አቅጣጫ፣ ሐላል ምግብ የት፣ ቁና ቁና ቢተነፍስ ማንን እንደምትጠራ። ጎልኮንዳን ሰረዝኩት። ለአንድ ሰው አይሆንም፤ እሷ ላይ ስትወጣ እሱ ታች ብቻውን ነው፣ ለኔ ሳወጣው ይሄን አላሰብኩም።

ላክሁላት። ይሄን እንኳ ላክሁ። ወዲያው መለሰች፦ «አክስቴ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር።»

ነጃት ከኋላዬ ቆማ አነበበችው። ትከሻዬ ላይ እጇን አሳረፈች። ከዚያ አነሳችው።


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4። ሥራ ከመግባቴ በፊት።

ትናንት ቢዳር ሄደዋል። ራህማ አሥራ ስድስት ፎቶ ላከች።

ተሳስቼ ኖሯል። ሐብሺ ኮት ላይ «ደረጃ የለም» ብዬ ጽፌ ነበር። ደረጃስ የለም፤ ግን ጉብታ ነው፣ ዳገት። ጋሼ ጥቂት ሞክሮ ትንፋሽ አጠረው። ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ራህማ ብቻዋን ወጥታ እያንዳንዱን መቃብር ፎቶ አንስታ ወረደች፤ እያሰፋ አየ፤ ሌላ አንግል እያለ ሁለቴ መልሷታል። ሹፌሩን ደግሞ አስተማረው አለች፤ ሹፌሩ የቢዳር ሰው ነው፣ አፉን ከፍቶ ሰማው።

አንድ ፎቶ ላይ ጋሼ አለ። ከስቷል። የሸሚዙ ኮሌታ ሰፍቶታል። ደብተሩ ጭኑ ላይ ነው፣ ወደ ካሜራው አያይም። ሰው ከበስተጀርባ የለም። ዊልቸር የምገፋው እኔ ነበርኩ፤ እኔ ብኖር ቀድሜ ሄጄ ዳገቱን አይቼ፣ በየት በኩል መኪና እንደሚጠጋ ጠይቄ ነበር። በየአርባ ደቂቃው ሽንት ቤት ስቆጥር የከረምኩ ሰው ዳገቱን አላየሁም።

ለኔ ምንም አልላከም።


ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6።

ገባ። ወደ ኦፕራሲዮን የገባው እዚያ ከሰዓት ነበር፣ እዚህ ሊነጋ ሲል። ሥራ ላይ ነኝ። ሩም 14 ያሉት አሮጊት ምን ሆነሽ አሉኝ። ወንድሜ አልኩ። እጄን ያዙኝና ማን እንደሆንኩ ወዲያው ረሱኝ።

በኋላ። ራህማ ደወለች። ወጥቷል። ቫልቩ ተቀይሯል፣ አልሐምዱሊላህ። ላ. ኮሪደሩ ላይ አቀፈችኝ። አንሶላ የሚቀመጥበት ሊነን ክፍል ገብቼ ሱጁድ ወረድኩ።


እሑድ፣ ኖቬምበር 16።

ጋሼ ይራመዳል። ኮሪደር፣ ከዚያ ግቢ። ራህማ ቪዲዮ ኮል አደረገችልኝ፤ እሱ ሲተኛ ጠብቃ። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ሌሊት እሷ ናት የምታገላብጠው።

ስታወራ ስታወራ፣ ሥራሽ ፈቃድ መከልከሉ እኮ ግፍ ነው አለችኝ።

ማን አለሽ?

አባዬ። ልትመጣ ትኬት ቆርጣ ነበር፣ አለቆቿ ናቸው ያስቀሯት፣ እንዳታስከፊያት አለኝ።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦ «አክስቴ፣ ኢንተርቪው የሚደርሰን መቼ ይመስልሻል? ነጃት ስለ ኮሌጁ ስጠይቃት አትመልስልኝም፤ ተቀየመችኝ እንዴ?»

አልነገራትም። ለማንም አልነገረም።

አልተቀየመችሽም አልኳት። ኔትዎርኩን አሳብቤ ዘጋሁ።


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18።

ጋሼ ዛሬ ስልኩን አነሳልኝ። ራህማ ፋርማሲ ሄዳ ነው።

እንዴት አደርክ፣ ደህና። ቁስሉ፣ ደህና። ለራህማ ለምን አልነገርካትም አልኩ።

«ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ።»

«አይመስለኝም።»

«ልጅቷ ሰው አገር ብቻዋን ናት። አሁን የያዘችው እኔንና ስልኩ ውስጥ ያለችውን አክስቷን ነው። አንዱ ደረቱ ተሰፍቶ ተኝቷል። ሁለተኛዋን አላሳጣትም። ስንመለስ እነግራታለሁ።»

አሁን ልላከው ወይ አልኩት፤ ቅጹን።

«እሱን ተዪው።» ከዚያ፦ «የማስተርሱ ነው የሚቆጨኝ። አሜሪካው አይደለም።»

ሲተነፍስ እሰማለሁ፤ ትንፋሹ ተስተካክሏል፣ ድሮ እያፏጨ ነበር። በመጨረሻ፣ የምትነግራት እኔ ልሁን አልኩት። አንተ ምኑን ትነግራለህ፣ የሠራሁት እኔ።

«በስልክ?»

«በስልክ አይደለም።»

እምቢ አላለም። ራህማ መጣች ብሎ ዘጋ።


ዓርብ፣ ኖቬምበር 21። ምሳ፣ መኪና ውስጥ።

ያስተላለፍኩትን ትኬት ቀየርኩ። ዲሴምበር 5 አዲስ አበባ፤ በማግሥቱ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን፣ መንገዱ አይታመንም። እነሱ በኖቬምበር መጨረሻ ይገባሉ። ጋሼ ቤት አላርፍም፣ ካልጠራኝ። ሆቴል ይዣለሁ። ነጃት አብሬሽ ልሂድ አለች፤ ፈተና አለባት፤ አይሆንም አልኩ። የራህማን ፊት ብቻዬን ነው የማየው።

የምላትን እየተለማመድኩ ነው። በእንግሊዝኛ ይቀለኛል፣ ቃሎቹ አይከብዱም። ለዚህ ነው በአማርኛ የምለው። ዒድ፣ ሰኞ፣ ትኩሳት፣ ፍቺ፣ ይሄን ሁሉ አላስገባም። ከፊቷ እቀመጥና፦ ራህማ፣ አባትሽ አልዋሸሽም፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት፤ ቅጹን አልላክሁትም።